ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጥ፤ ጥፋት ወይስ ብልሃት?

 

ባለፈው መጋቢት ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጅግጅጋ ካለው ቤቴ መጣ። የጎረቤቶቻችን ዘመድ ነው፤ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነው። ሻይ ቀርቦለት ሳይነካው ብዙ ከቆየ በኋላ «አደር፣ አንድ ነገር ላማክርህ፤ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ላቆም ነው» አለኝ። አደር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ በከተማችን ግን ሥጋ ዝምድና የሌለውም ታናሽ ታላቁን በዚሁ ይጠራል። «ላማክርህ» ይበል እንጂ ቁርጡን ይዞ እንደመጣ ከአነጋገሩ ገብቶኛል።

ምክንያቱን ጠየቅሁት። ቤተሰቡ ከአውበሬ ወገን ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ ወቅት ከወቅት እየከዳ በሄደበት በዚያ ክፉ ድርቅ ላሞቹ በሙሉ አለቁ፤ አባቱ ለመኖና በቦቴ ለሚመጣ ውኃ ከአንድ ነጋዴ ተበድሮ ኖሮ፣ ከብቱ ሞቶ ዕዳው ቀረ። ከእርሱ በታች አምስት ልጆች አሉ። አጎቱ ቶጎ ውጫሌ ላይ በአንድ መጋዘን ዕቃ ቆጣሪ ሆኖ እንዲገባ ሥራ አግኝቶለታል። «አንድ ዓመት ብቻ ነው» አለኝ ደግሞ። እኔም በዚያች ቃል ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም ከሃያ ዓመት በፊት እኔ «አንድ ሳምንት ብቻ ነው» ብዬ ነበርና።

በመምህርነት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ፣ በተለይ የአንደኛው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ፣ በሬን ያንኳኳል። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህማ ጥያቄው በዝቷል፤ ዱሮ ለዲግሪ ሩቅ አገር ይሄድ የነበረው የቀብሪበያህና የደገሀቡር ልጅ አሁን እዚሁ አጠገባችን ይማራል፤ የቤቱን ችግር በየሳምንቱ እየሰማ ነው የሚማረው። ዐሊም አይደለሁም፣ የሕግ ሰውም አይደለሁም። የማውቀውን ግን በራሴ ገላ ስለተማርሁት ለአንባቢ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በ1995 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲውን አልጠቅሰውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረምና። በሚያዝያ ወር አባቴ በጉበት ሕመም ወደቀ የሚል መልእክት ደረሰኝ። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፤ የጨርቅ ሱቅ ነበረን፤ ሱቁን የሚከፍት ሰው የለም። ለዶርም ጓደኞቼ «ሳምንት እመለሳለሁ» ብዬ፣ ብርድ ልብሴን እንኳ ሳልጠቀልል፣ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ባቢሌን አልፈን የዳካታን ድንጋዮች ሳይ፣ ከዚያም ካራማራን ወጥተን የጅግጅጋ ሜዳ ሲዘረጋ፣ በሐሳቤ የነበረው አባቴ ብቻ ነበር። ሬጅስትራር የሚባል ቢሮ በዓለም ላይ መኖሩም ትዝ አላለኝ።

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ሴሚስተር ሆነ። አባቴን አላህ ይማረው፤ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። እኔም ከቶጎ ውጫሌ ጨርቅ እያመጣሁ መሸጤን ቀጠልሁ (በዚያን ዘመን በእኛ ከተማ «ኮንትሮባንድ» የሚለውን ቃል ከሬዲዮ በቀር የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም)። ገንዘብ በእጅ መያዝ ያስደስታል፤ ይህን ያልቀመሰ ሰው ተማሪን መምከር አይችልም። ታናናሾቼ በልተው ያድሩ ነበር፤ እኔም በገበያው ውስጥ ስም አገኘሁ። መጽሐፎቼ በሱቁ መደርደሪያ ሥር ከጆንያ ጋር ተደባልቀው ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ታናሼ ሱቁን መያዝ ሲችል ተመልሼ ሄድሁ። የሬጅስትራሯ ሠራተኛ መዝገቤን አወጣችና አዞረችልኝ። ያን ሴሚስተር ካልተፈተንኋቸው ኮርሶች አራቱ ኤፍ ሆነው ተመዝግበዋል። አማካይ ውጤቴ ለመመረቅ ከሚያስፈልገው 2.00 በታች ወርዷል። በመዝገቡ ፊት እኔ አባቱ የታመመበት ልጅ አልነበርሁም፤ ሰነፍ ተማሪ ነበርሁ። ሴትየዋ ደግ ነበረች፤ ቀስ ብላ «ወንድሜ፣ ያኔ አንዲት ቅጽ ሞልተህ ብትሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለችኝ። ለሁለት ሰሌዳ ሰዓት ያህል የሚሆን ሥራ አልሠራሁም፤ ዋጋው ማመልከቻ ይዞ መመላለስ የፈጀው አንድ ዓመት፣ የተደገሙ ኮርሶችና ጓደኞቼ ሥራ ከያዙ ከብዙ ጊዜ በኋላ በ2000 ዓ.ም. መመረቅ ሆነ።

ለዚህ ነው ትምህርት ማቆም የሚያስብ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ ቁርጠኝነትም ሆነ ስለ ወላጅ ሐቅ የማላወራው። ስለ ወረቀቱ ነው የምናገረው። ተማሪዎቹ ዊዝድሮው የሚሉት ነገር አለ፤ ይኸውም ተማሪው ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቦ፣ የሕክምና ወይም ሌላ ማስረጃ ካለው አያይዞ፣ ከትምህርት ክፍሉና ከሬጅስትራር ፈቃድ ተቀብሎ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከዶርም ክሊራንስ ጨርሶ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። ይህን ያደረገ ተማሪ ለመመለስ ሲያመለክት የሚታየው እንደ ተመላሽ ነው። ያላደረገው ግን እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በሴሚስተሩ ውስጥ እስከ የትኛው ሳምንት መውጣት እንደሚቻልና መቀመጫው ስንት ጊዜ እንደሚጠብቅ የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሕግ ይወስናል፤ ስለዚህ ከዶርም ጓደኛ ሳይሆን ከሬጅስትራር መስኮት መጠየቅ ነው። የሚሰጡህንም ወረቀት ቅጂ አስቀር። መዝገብ ይጠፋል፣ ሠራተኛ ይዛወራል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። «ግማሽ ዓመት አርፌ እመለሳለሁ» ይላሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የሁለተኛውን ሴሚስተር መሐል ላይ የተወ ተማሪ እነዚያን ኮርሶች የሚያገኛቸው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው፤ ያለ እነርሱ ደግሞ ተከታዮቹን መውሰድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሦስት ወር ያተረፈ መስሎት ዓመት ይከስራል። ሴሚስተሩን ፈተና ወስዶ ጨርሶ የወጣ ግን የያዘው ግሬድ የእርሱ ነው፤ ማንም አይነካበትም።

ሥርዓተ ትምህርቱም ቆሞ አይጠብቅም። እኔ ስወጣ ዲግሪው አራት ዓመት ነበር፤ ስመለስ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ ብሎ፣ የማውቃቸው ኮርሶች ስማቸውም ቁጥራቸውም ተለውጦ አገኘኋቸው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ አራት ዓመት ሲሆን በመሐል የወጡት ልጆች የእኔው ዕጣ ደረሳቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ በክፍል ያለፈውን ትምህርት አንድ ላይ ተፈትኖ ከመቶ ሃምሳ ማምጣት ይኖርበታል። በሁለተኛ ዓመት የተማረውን በገበያ ውስጥ የረሳ ልጅ ተመልሶ ሲፈተን ምን ይሆናል? ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ «ይህ ሰው ማቋረጥን ይከለክላል» ሊል ይችላል። አልከለክልም። በእኛው አገር ተማሪን ሳይመረቅ አንድ ዓመት ከትምህርት ማስወጣት ራሱ ሥርዓት የሆነበት ጊዜ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ሳያጠናቅቅ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ግዴታው ነበር፤ አብዛኛዎቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሩ። ያ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። ልጆቹ ወጡ፣ ዓመቱ አለቀ፣ ተመልሰው ጨረሱ። ያ ሁሉ ተማሪ የተመለሰው ከዛሬው ልጅ የበለጠ ብርቱ ስለነበር አይመስለኝም፤ የሚመለስበት ቀን ከመውጣቱ በፊት የታወቀ ስለነበር፣ ጓደኞቹም አብረውት ስለወጡ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. እድገት በሕብረት ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ፤ ዩኒቨርሲቲውም ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ከእነዚያ መካከል ወደ ክፍሉ ያልተመለሰው ብዙ ነው። ከዘመቻው የጠፋ አለ፤ በሱዳን በኩል የተሰደደ አለ፤ በቀይ ሽብር ያለቀው ደግሞ ቁጥሩ የበዛ ነው። ጅግጅጋ ላይም በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ ተይዛ እስክትለቀቅና ከዚያም በኋላ ስንቱ ከደብተሩ እንደተለያየ አዛውንቶቻችን ያውቁታል። በእኛው ዘመን የ2010ሩ የድንበር ግጭት፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮና ተማሪውን ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ተማሪው መርጦ ያልወጣበትን እረፍት ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ኮሮና ካለፈ በኋላ ግን ያስተማርኋቸው ሁለት ልጆች ጥሪ ተደርጎላቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ክፍት ነበር፣ እነርሱ ግን በእነዚያ ወራት ሌላ ኑሮ ጀምረው ነበር።

የእኛ የጥንቱ ሥርዓት በዚህ ረገድ ይበልጥ ሰፊ ልብ ነበረው። በወሎም ሆነ በሐረር ደረሳ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየዞረ ይቀራ ነበር፤ ለእርሻ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ቤተሰብ ቢታመምበት፣ ኪታቡን ካቆመበት ገጽ ይቀጥላል፤ ኤፍ የሚጽፍበት የለም። በሶማሌው ዘንድም የዱግሲው ማዐሊን ከብት ይዞ የሄደ ልጅ ሲመለስ ሎውሑን አጥቦ ከቆመበት ሱራ ያስጀምረዋል። አንዳንድ ወላጆቻችን «ሄዶ ይምጣ፣ ትምህርት የት ይሄዳል?» የሚሉት ይህን ስለለመዱ ይመስለኛል። ትምህርቱ አይሄድም፤ እውነት ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግን ማዐሊን አይደለም፤ ፊትህን አያውቅም፤ የሚያውቀው የመታወቂያ ቁጥርህን ነው።

ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ያመጡልኛል። ቢል ጌትስ ሐርቫርድን በ1975 እ.ኤ.አ. ትቶ ማይክሮሶፍትን አቋቋመ ይሉኛል። እውነት ነው፤ የሚሠራውን ነገር ግን ከመውጣቱ በፊት ይዞት ነበር፤ የተዋቸውም ቤተሰቦች በእርሱ ዳቦ አይኖሩም ነበር። ኢማም አል-ገዛሊን የጠቀሰልኝም አለ፤ በ1095 እ.ኤ.አ. የባግዳዱን ኒዛሚያ ትቶ ከአሥር ዓመት በላይ ራቀ ብሎ። ልጄ፣ ገዛሊ የተወው ማስተማሩን ነው እንጂ መማሩን አይደለም፤ በ1106 ደግሞ ኒሻፑር ላይ ተመልሶ አስተማረ።

ዕረፍት የሚገባቸውን አይቻለሁ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በሁለተኛ ዓመቷ አገባች፣ በሦስተኛው ወለደች። ቅጹን ሞልታ ዓመት ተቀመጠች፤ ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ተመልሳ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሌላው እንቅልፍ አጥቶ፣ ጫቱን ለጥናት ብሎ ጀምሮ ጥናቱን ጫቱ የበላበት ልጅ ነበር። ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ቤት ተኛ፣ በላ፣ ዳነ። እርሱን «በርታ» ማለት ግፍ ይሆን ነበር። በአንጻሩ በውጤት ማስጠንቀቂያ የተሰጠውና ከሚቀጥለው ፈተና ለመሸሽ ብቻ የሚወጣ ልጅ ዓመት ቢቀመጥ ከዚያው ፈተና ጋር ነው የሚገናኘው፤ ለእርሱ የማስጠኛ ጓደኛ ከዕረፍት ይሻለዋል። በከተማችን ደግሞ የሰው አፍ አለ፤ በፈቃዱ የወጣንና የተባረረን የሚለይ ሰው የለም። «የእገሌ ልጅ ተባረረ» ሲባል እናት በሠርግ ቤት አንገቷን ትደፋለች። ይህን የሚችል ትከሻ ያስፈልጋል።

አሁን ወደዚያ ወጣት ልመለስ። «ዓመቱ የሚያልቀው ምን ሲሆን ነው?» አልሁት። አልመለሰም። «ሆዮ ታውቃለች?» አልሁት። እናቱን ማለቴ ነው። አንገቱን ነቀነቀ፤ አታውቅም። እኔም ከዚህ በላይ የፈራሁትን ነገር አወጣሁ። በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች ወጣት ልጅ «ቶጎ ውጫሌ እሄዳለሁ» ሲል እናት የምትሰማው ሌላ ቃል ነው፤ ተህሪብ። ድንበሩን ተሻግሮ ወይ በቦሳሶ ወደ የመን፣ ወይ በሱዳን ወደ ሊቢያ። ስንቱ «አንድ ዓመት ሠርቼ» ብሎ ሄዶ ድምፁ ከማይታወቅ አገር፣ ገንዘብ ላኩ ከሚል ደላላ ጋር በስልክ ተሰምቷል! ልጁ ተቆጣ። «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» አለ። ማንም ሲወጣ እንደዚያ አይደለም።

ሁለት ነገር አዘዝሁት። ኢስቲኻራ እንዲሰግድ፣ ደግሞም ዕዳውንና ደመወዙን በወረቀት ጽፎ እንዲመጣ። (ኢስቲኻራ ያደረገ ሰው ሒሳብ መሥራት አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ ያላቸው ወንድሞች አሉ፤ እኔ አልስማማም።) በሳምንቱ መጣ። ዕዳው 132 ሺህ ብር ነው። ደመወዙ በወር 14 ሺህ፤ አጎቱ ቤት ስለሚኖር 12 ሺውን ለዕዳው ማዋል ይችላል። አሥራ አንድ ወር። ያን ወረቀት ሳይ ልቤ ተከፈለ። ሲጠየቅ ያልነበረው የማለቂያ ቀን አሁን ተገኝቷል። እኔ በ1995 ስወጣ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረኝም። ዕዳም ቀላል ነገር አይደለም፤ አባቱ ዕዳውን በአንገቱ ይዞ እንዳይሞት መሻቱን ልንቀው አልቻልሁም።

ሆኖም ሊወጣ ያሰበው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው። ይህን አልተቀበልሁም። ተነስተን ወደ ነጋዴው ሄድን። ለባለዕዳ ፋታ መስጠት በእምነታችን ምን ያህል የተወደደ ሥራ እንደሆነ ለእርሱ መስበክ አላስፈለገኝም፤ ሽማግሌ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ወረቀቱን አንብቦ «ከሐምሌ ይጀምር» አለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሒሳቡ ራሱ አማረ፤ ከሐምሌ ቢጀምር አሥራ አንዱ ወር ግንቦት ላይ ያልቃል፤ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ደብተር ለመክፈቻ ይተርፈዋል፤ የጠፋ ሴሚስተርም የለም።

የቀረችው እናቱ ናት። ለእርሷ መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ቀብሪበያህ ድረስ አብረን ሄድን። ሁሉን ሰምታ ዝም አለችና ልጇን ብቻ እያየች «ላሞቹ የሞቱት አንተ ስለተማርክ ነው?» አለችው። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ቆየት ብላ ወደ እኔ ዞረችና የሚመለስበትን ቀን ጠየቀችኝ። «መስከረም» አልኋት። «ማን ይይዘዋል ቀኑን?» አለች። እኔ ነኝ አልኋት። ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ በመመለሻ መንገድ ላይ ነው።

ሰኔ ላይ ተፈትኖ ጨረሰ። ቅጹን አብረን ሞላን፤ ክሊራንሱን በሁለት ቀን አጠናቀቀ። ከቶጎ ውጫሌ በየጁሙዓው ከሶላት በኋላ ይደውልልኛል፤ ያልደወለበት አንድ ጁሙዓ ነበር፤ ኔትዎርክ ጠፍቶ ነው አለ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። የሁለተኛ ዓመት ሞጁሎቹን ይዞ እንዲሄድ ነግሬው ነበር፤ ሁለቱን እንደከለሰ ነግሮኛል። የቅጹ ቅጂ እኔ ቤት፣ ሰነድ በማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ አራት ኤፍ ከተጻፈበት ከራሴ የውጤት ወረቀት በላይ ተቀምጧል።